ለልምምድ መሞት

«ለሬሳው ሐበሾቹን አምጡልን። እነሱ ቢተኙ የሚቆጣ ዘመድ የላቸውም።»

ጣይባ ይህን የሰማችው በጠዋቱ፣ መወልወያዋን ይዛ ደረጃው ላይ ጎንበስ እንዳለች ነው። የተነገረው በሶማሊኛ ነው፤ ሐርጌሳ ብዙ ዓመት ከኖረ ሰው ግን በሶማሊኛ የሚደበቅ ነገር የለም። ቃሉን የተናገሩት የማኅበሩ ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በረመዳን ተምርና ዱቄት የሚልኩላት እሳቸው ናቸው፤ ወገቧን አሟት የተኛች ጊዜ ሐኪም ቤት በመኪናቸው ያደረሷትም እሳቸው ናቸው። ሰው አንዳንዴ ክፋት ሳይኖርበት፣ የጨነቀውን ነገር ለመገላገል ብቻ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ቃል ያመልጠዋል። ጣይባም ቀና አላለችም። መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች፣ ቀጣዩን ደረጃ ወለወለች። ጆሮዋ ግን እላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር የገበያ ነጋዴዎች ማኅበር አላቸው። ቢሮው ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንዱ ክንፉ የተሰበረ ማራገቢያ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ጥግ ላይ የውሃ ጀሪካን። የዋሄን ገበያ በእሳት ከወደመ ወዲህ ከተማው ሁሉ በግንባታ ላይ ነው፤ የሲሚንቶ ዋጋ ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል፤ ሰውም «ዝግጁነት» የሚባል አዲስ ቃል ለምዷል። የቀጠናው አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ደግሞ ለሽብርና ለድንገተኛ አደጋ የተዘጋጁ ገበያዎችን በገንዘብ እረዳለሁ ብሎ አውጇል። ግራንት ይሉታል። ማኅበሩ ይህን ግራንት ካገኘ ሳይረን ይገዛል፣ የውሃ ታንከር ያቆማል፣ ቃሬዛ ያስመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገበያውን የጀርባ ግንብ አፍርሶ ሁለተኛ መውጫ በር ይከፍታል። ማመልከቻው የሚላከው በኢንተርኔት ነው፤ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ማታ ነው። ግን አስቀድሞ፣ ዛሬውኑ ቀን ላይ፣ ገምጋሚዎች መጥተው ልምምድ ማየት አለባቸው። ገበያው ውስጥ ቦምብ እንደፈነዳ ተቆጥሮ፣ ሰው እንዴት እንደሚወጣ፣ ቁስለኛ እንዴት እንደሚነሳ፣ የሞተም እንዴት እንደሚሰበሰብ።

ትንሽ ቆይቶ ሮብሌ ወረደ። ሮብሌ የማኅበሩ ጸሐፊ ነው። ልጅነቱን በስደት ጅግጅጋ ስላሳለፈ አማርኛ እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል። ደረጃው ላይ ጣይባን ሲያያት ቆመ፤ ጫማውን አንስቶ እርጥቡን ላለመርገጥ ግድግዳውን ተጠጋ።

«አባዮ ጣይባ፣ ሰማሽ እንዴ?» አባዮ ማለት በነሱ እህቴ ማለት ነው።

«መስማቱንስ ሰማሁ።»

«አትቀየሚ። ሽማግሌው ደክሟቸው ነው። ከትናንት ጀምሮ በሬሳ ስንጣላ ነው ያደርነው።»

«በሬሳ?»

«በልምምዱ ሬሳ ነዋ። ከዚህኛው ጎሳ አራት ተኝቶ ከዚያኛው ለምን ሁለት ብቻ ይተኛል ተባለ። እሺ እኩል እናድርግ ስንል፣ ሁለቱም ‹እኛ አንሞትም፣ አዳኝ ነው የምንሆነው› አሉ። እናቶቹ ደግሞ ልጄን በቁሙ አትገንዙብኝ ብለው መጡ። አሁን አዳኙ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚድንም የሚሞትም ሰው ጠፋ። ገምጋሚዎቹ ሆቴላቸው ቁርስ እየበሉ ነው።»

ጣይባ ሳቋ መጣ፤ መጥቶም አልቆየም። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሮብሌ የሚፈልገውን ገና አልተናገረም፤ ግን ዓይኑ ተናግሯል።

«ሰው አመጣልሃለሁ» አለችው። «አንድ ነገር ግን ትጽፍልኛለህ።»

«ምን?»

«ሐበሻ ሲሞት የሚደወልለት ሰው። ስምና ስልክ። እዚያ የምትልኩት ዕቅድ ውስጥ።»

ሮብሌ ወለሉን አየ። ለምን እንደምትጠይቀው ያውቃል። «ወላሂ እጽፋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ለምን እንደሆነ ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ረጅም አይደለም። ጣይባ የምትኖረው ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር ነው፤ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ ሁለት ክፍል። አንዱ የሷ፣ ሌላው የታናሽ እህቷ የፋሪዳና የፋሪዳ ባል የሀይደር ነበር። ፋሪዳ ከዚህ ገበያ ጀርባ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ሥራ ሲበዛ እዚያው ታድራለች። ሀይደር በርበራ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል፤ አንዳንዴም ፋሪዳን ባሕሩን ላሳይሽ ብሎ ይዟት ይወርዳል። አምና የምግብ ቤቱ ጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ። ሰዉ ቦምብ ነው ብሎ ሸሸ፤ መንገዱ ተዘጋ። ነገሩ ሲረጋጋ የሞቱትን ሁሉ ወገን ወገናቸው መጥቶ አነሳ። አንዲት ሴት ቀረች፤ ፊቷ አይለይም፣ የማን ናት ሲባል የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ደጋግ ሰዎች በወጉ አጥበው፣ ገንዘው፣ ሰግደውባት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሯት። ሬሳ ማሳደር ነውር ነውና ማንም አላጠፋም። ጣይባ በዚያ ሰሞን ፋሪዳ ከባሏ ጋር በርበራ ወርዳለች ብላ ነበር። ሀይደርም ሚስቴ ከእህቷ ጋር ናት ብሎ ነበር። ሀይደር ከመንገድ ሲመለስ ግቢው በር ላይ ተገናኙ። «ፋሪዳስ?» አለችው። «ፋሪዳስ?» አላት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሐኪም ቤት ተኝታ ቆይታ አፏን ስትፈታ ነው ነገሩ የታወቀው። መቃብር ቦታ ሲሄዱ ደግሞ ስም የሌላቸው በዚያ ወር የተቀበሩ ብዙ ናቸው፤ ቆፋሪው የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በጣይባና በሀይደር መካከል ከውሃና ከቤት ኪራይ ሌላ ወሬ የለም። የውሃ ጋሪ መጣ ወይ፣ ጀሪካኑ ስንት ገባ፣ ባለቤቱ መቼ ይመጣል። እሱ ከመንገድ ሲገባ ምግቡን በሰሃን ከድና በሩ ላይ ታኖርለታለች፤ ሲወጣ ሰሃኑን አጥቦ በሯ ላይ ያኖርላታል። አንዱ ሌላውን «ለምን አልደወልክም፣ ለምን አልደወልሽም» ብሎ አልጠየቀም። አለመጠየቃቸው ነው ቤቱን የሞላው። እነዚያን ሁለት ክፍሎች ብታዩአቸው፣ በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማዋል።

ጣይባ ባልዲዋን ደፍታ ወደ ዋሄን ሄደች። ሚኒባሱ መሐል ከተማ አወረዳትና የቀረውን በእግሯ ገባች። የብር መንዛሪዎቹ የሽልንጉን እስር እንደ ጡብ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከነሱ ወዲያ አዲስ የሚሠሩት ሱቆች ገና የብረት አጥንታቸው ቆሟል። እዚያ የምታውቃቸው ሐበሾች አሉ። ዘይኑ ተሸካሚ ነው፣ የወሎ ልጅ፤ ገነነ ግንበኛ ነው፣ የጎንደር ሰው፣ ክርስቲያን፤ ሀፊዛ ደግሞ ለግንበኞቹ ሻይ የምታፈላ የሐረር ልጅ ናት። ሌሎችም ተሰበሰቡ። ጣይባ ነገሩን ስታስረዳ መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ቀድሞ የገባው ዘይኑ ነው።

«ስንት ሰዓት ነው የምንሞተው፣ እትዬ?»

«አሁን፣ ከተነሳችሁ።»

«ሳንበላ? ባዶ ሆዴን ከሞትኩ እኮ አልነሳም።»

«ስትነሳ ምሳ አለ ብለዋል። የቀን ሥራ ሒሳብም በስልክ ይልካሉ።»

«በል እንግዲህ!» ዘይኑ ከትከሻው ላይ የሲሚንቶውን አቧራ አራገፈ። «ቆሜ ስሸከም የማገኘውን ተኝቼ ካገኘሁ፣ ሞት እንዲህ ነው እንዴ? ምነው ቀደም ብሎ በነገሩኝ።»

ገነነ የግንብ ማንኪያውን እያጠበ ቀና አለ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ። ለሬሳነት ይከለክለኛል?»

«አንተ ብቻ ተኛ» አለው ዘይኑ። «ስታንኮራፋ ግን በአማርኛ አታንኮራፋ፤ ከሌላ አገር የመጣ ሬሳ ነው ይሉናል።»

ሀፊዛ አልሳቀችም። ጣይባን በክንዷ ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻት። «እታለም፣ እናቴ ብትሰማ ሟርት ነው ትላለች» አለች። ጣይባ ልጅቷን አየቻት። ቀጭን ናት፤ እጇ በሻይ እንፋሎት ተልጧል። ምን ትበላት? «ስምሽን ይጽፉልሻል» አለቻት በመጨረሻ። «አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ፣ አላህ አያድርገውና፣ ለኔ ይደወላል። ለዚያ ብዬ ነው የምተኛው። ካልፈለግሽ ግን ቅሪ፤ ማንም አያስገድድሽም።» ሀፊዛ ጥቂት አሰበችና የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተከተለቻቸው።

ሲመለሱ ገበያው ተለውጦ ነበር። በመግቢያው ገመድ ተወጥሯል፤ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ጎረምሶች አዳኝ ተብለው ተሰልፈዋል፤ ግቢው መሐል በርሜል ውስጥ አሮጌ ጎማ ሊቃጠል ተዘጋጅቷል። ሮብሌ ላብ አጥምቆት ወዲያ ወዲህ ይላል። ጣይባ እጅጌውን ያዘችው።

«ጻፍከው?»

«አባዮ፣ ልንገርሽ። ማመልከቻው እኮ እንደ ደብዳቤ አይደለም። ለየጥያቄው ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ የሚቀበለው የተወሰነ ቃል ነው። ስለ ሞቱ ሰዎች የሚለው ሳጥን ሞልቷል። አንድ ቃል ብጨምር ሁሉንም ይመልስብኛል።»

«በምን ሞላ?»

«በማኅበሩ ታሪክ፣ በአመራሩ ስም። ሽማግሌዎቹ ይግባ ያሉት ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? የሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌላ ግራንት አለ...»

ጣይባ እጅጌውን ለቀቀችው። ዞራ ብትሄድ የሚይዛት የለም። ከኋላዋ እነዘይኑ በአንገታቸው ጥቁር ካርድ እየተንጠለጠለላቸው ነው፤ ጥቁር ማለት የሞተ ማለት ነው። ሮብሌም እንዳትሄድ የፈራ ይመስላል፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክሽ። ይህ ገንዘብ ካልመጣ የጀርባው ግንብ አይፈርስም። እዚያ ጀርባ የሚሠሩት ደግሞ አብዛኛው የናንተ ልጆች ናቸው። ይህን አንቺ ታውቂያለሽ።» ታውቃለች። ፋሪዳ የሮጠችው ወደዚያ ግንብ ነው ብለዋታል። ጣይባ ስልኳን አጥፍታ ሁሉም ስልኩን ባኖረበት የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ጣለች፤ አንገቷንም ለካርዱ ዝቅ አደረገች።

ሳይረኑ ሲጮህ፣ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው ያስጮሁት፣ ሀፊዛ የጣይባን እጅ ጨበጠች። ጎማው ጨሰ። ሰው ጮኸ፣ ሮጠ፤ አንዳንዱ እየሳቀ ይሮጣል፣ አንዳንዷ ደግሞ አምናን አስታውሳ እውነቷን ታለቅሳለች። ሟቾቹ በየቦታው ተዘረሩ። ጣይባም ተኛች። ከጀርባዋ መሬቱ ይፋጃል፤ ጠጠሩ ትከሻዋን ይወጋታል። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጎረምሶች መጥተው በቃሬዛ አነሷትና ከሌሎቹ ጎን በረድፍ አስተኟት፤ ነጭ አንሶላ ጣሉባት። አንሶላው ውስጥ ብርሃኑ እንደ ወተት ነው። የራስዋን ትንፋሽ ትሰማለች። ከራስጌዋ አንድ ወጣት ቆሞ የተሰጠውን ጥያቄ ያነባል፤ ስሟ ማነው፣ የማን ወገን ናት? ጓደኛው «አይታወቅም» ይላል። ስለ ዘይኑም «አይታወቅም»። ስለ ገነነም «አይታወቅም»። ቁስለኛ የሆኑትን ዘመድ ነን የሚሉ ሰዎች እየመጡ፣ እንደ ደንቡ፣ እያቀፉ ይወስዷቸዋል። በረድፍ የተኙት ጋር ማንም አይመጣም፤ በዕቅዱም ውስጥ የሚመጣ ሰው አልተጻፈም። ጣይባ ማልቀስ ፈለገች፤ የሞተ አያለቅስም ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ያን ሰዓት ሀይደር ከበርበራ ገብቶ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁሞ ጎማውን እየመታ ያይ ነበር። ጭሱን አየ። ሳይረኑን ሰማ። ከገበያው የሚመጣ አንድ ጋሪ ነጂ አስቁሞ ምንድነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ሰውየው ምንም እንኳ ስለ ልምምድ የሰማ ባይሆን፣ ያየውን ነገረው፤ ሐበሾች ሞተው በረድፍ ተኝተዋል አለው። ሀይደር ጣይባ የምትሠራው የት እንደሆነ ያውቃል። ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ከዚያ የመኪናውን በር ክፍት ትቶ ሮጠ።

ጣይባ መጀመሪያ የሰማችው የጠባቂውን ጩኸት ነው። ቀጥሎ የሚሮጥ ሰው ኮቴ፣ ከዚያ በአማርኛ የሚጮህ ድምፅ። «ፊታቸውን አሳዩኝ! ፊታቸውን ብቻ!» ድምፁን አወቀችው፤ ይህን ያህል ጮኾ ግን ሰምታው አታውቅም። ከረድፉ ጫፍ የመጀመሪያው አንሶላ ሲገለጥ ሰማች። ገነነ «ወንድሜ፣ ልምምድ ነው፣ ደህና ነኝ» አለ፤ ሀይደር ግን የሰማው አይመስልም። ሁለተኛው አንሶላ። ዘይኑ «ኧረ ሰውዬ!» ብሎ ቁጭ አለ። ሦስተኛው። ሀፊዛ ጮኸች። ከዚያ በጣይባ ፊት ላይ ፀሐይ ወደቀ።

አትንቀሳቀሱ ተብለዋል። ጣይባ ዓይኗን ገለጠች። ሀይደር በላይዋ ተደፍቶ አንሶላውን በሁለት እጁ ይዟል። ሲያያት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ» አለ። «አንቺንም ሳላይሽ ሊቀብሩብኝ ነው ብዬ።»

ጠባቂዎቹ ደርሰው በብብቱ ያዙት። ፊሽካ ተነፋ። የገምጋሚዎቹ መሪ ዊዳድ የምትባል ሱዳናዊት ናት፤ ረጅም ሴት፣ ነጭ ቶብ የለበሰች፣ በእጇ ሰዓት መቁጠሪያ ይዛለች። መጣችና በዓረብኛ ሮብሌን ጠየቀችው። ይህ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ነው ወይ?

ሮብሌ ሀይደርን አየ፣ ጣይባን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። «አዎ» አለ ፈጠን ብሎ። «ቤተሰብ ሆኖ የሚመጣ ነው። አስከሬን ለመለየት። እንደ ልምምዱ አካል...»

ጣይባ ዓረብኛው የገባት በቁርጥራጭ ነው፤ ነገሩ ግን ሙሉውን ገባት። ዝም ብላ ከተኛች ማኅበሩ ይመሰገናል፣ ግንቡ ይፈርሳል፣ በሩ ይከፈታል። የሀይደር ጩኸት ደግሞ ጥሩ ትወና ይባላል። አፏን ልትከፍት ስትል ዊዳድ ቀደመቻት። ሀይደር ፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠችና «ወንድሜ፣ ማን ጠራህ?» አለችው።

ሀይደር የመን በወጣትነቱ ሠርቷል፤ ዓረብኛ ይችላል። «ማንም አልጠራኝም» አላት። «አምናም ማንም አልጠራኝም።»

ጎማው ገና ይጨሳል። ሮብሌ ሰደርያውን በእጁ ጨምድዶ ያዘ፤ ከዚያም የተናገረው በሶማሊኛ ነው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ዋሽቻለሁ» አለ። «ይህ ሰው በልምምዱ የለም። ሚስቱ አምና እዚህ ሞታለች። የማን ናት ስንባባል ቀበርናት። ይህች እህቷ ናት። ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር ጻፍልኝ ብላኝ ምያለሁ፤ አልጻፍኩም።»

ለዊዳድም በዓረብኛ ደገመላት። እሷም ተነሳች። ፊቷ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። «ገመዱን አልፎ እሱ ከገባ፣ ሁለተኛ ፈንጂ የያዘም ይገባል» አለች። «ይህን መጻፍ ግዴታዬ ነው፤ ነጥብ ያስቀንስባችኋል። ገንዘቡን ላታገኙም ትችላላችሁ።» ወደ ሀይደር ዞረች። «እሱን ግን ማን ይጥራው? ይህን እኔ አልጽፍላችሁም። የናንተ ዕቅድ ነው።»

ጠዋት ያን ቃል የተናገሩት ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው እስከ ረድፉ መጡ፤ ጣይባን ቁልቁል አዩአት፤ ቶሎም ዓይናቸውን መለሱ።

«ለምን አልጻፍክም?» አሉት ሮብሌን።

«ሳጥኑ በናንተ ስም ሞልቶ፣ አባቴ።»

«የእኔን አውጣና የነሱን አግባ። ለግራንቱ አይደለም። ገንዘቡ ቢቀርም እዚሁ ገበያው ግድግዳ ላይ ለጥፈው፤ ጥበቃውም፣ መቃብር ቆፋሪውም ቅጂ ይያዝ።» ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

ሮብሌ ብዕሩን አወጣ። ጣይባ እንደተኛች ቁጥሯን ነገረችው። ሀይደርም ከጠባቂዎቹ እጅ ወጥቶ ቀረብ አለ። «የኔንም ጻፍ» አለ። «አንዳችን ባንሰማ አንዳችን እንሰማለን።»

ልምምዱ ግን አላለቀም ነበር። የሞቱት ተጭነው እስከ መቃብር ቦታው በር መድረስ አለባቸው፤ መኪናው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ዊዳድ ትለካለች። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲመጡ ጥያቄውን ያነብ የነበረው ወጣት እንደለመደው ጣይባ ራስጌ ቆመና የማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ ጠይቆም አፈረ። ሀይደር «የኔ ናት» አለው። ወጣቱም ጎንበስ ብሎ ጻፈ።

በክፍቱ መኪና ላይ ሟቾቹ ተደርድረው ተኙ። ሀይደር ጣይባ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፀሐዩ እንዳይመታት መዳፉን በፊቷ ላይ ዘረጋ። የራሱ መኪና በሩ እንደተከፈተ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ሲያልፉት አየው፤ አልወረደም። ዘይኑ መንገዱን ሁሉ ሊቀልድ ቢሞክር የሚስቅለት አላገኘም፤ በመጨረሻ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ሀፊዛ የጣይባን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ፊሽካ ተነፋ። የሞተው ሁሉ ተነሳ፤ አቧራውን አራገፈ፣ ውሃ ጠጣ፣ ምሳው የት ነው አለ። መኪናው ሊመለስ ሲያዞር ጣይባ ወርዳ ቆመች። ሀይደርም ወረደ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ሴት መቃብር አትሂድ የሚሉ አሉ፤ ጣይባ ግን ትሄዳለች። ስም የሌላቸው ሰዎች መቃብር ከአጥሩ ጥግ ያለ ረድፍ ነው። ራስጌና ግርጌው ላይ ድንጋይ፣ ከላዩ ጠጠር፣ መሐል መሐሉን እሾህ በቅሎበታል። ሁለቱ ረድፉ ፊት ቆሙ። ከሩቅ የሲሚንቶ ማደባለቂያ ይጮሃል።

«የቷ እንደሆነች ሰው ነግሮሽ ያውቃል?» አላት ሀይደር።

«አይ። እኔ ስመጣ ከዚህ ጥግ እጀምርና ለሁሉም ዱዓ አደርጋለሁ። ከነሱ አንዷ እሷ ናት ብዬ።»

«ትመጫለሽ?»

«ጁምዓ ጁምዓ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት።»

ሀይደር ጠጠሩን በጫማው ጫፍ ወዲያ ወዲህ አደረገ።

«እኔም እመጣለሁ» አለ። «ከበርበራ ስመለስ፣ ቤት ሳልገባ። መኪናውን ከአጥሩ ወዲያ አቆማለሁ። ከዚያኛው ጥግ ነው የምጀምረው።»

ጣይባ ዞራ አየችው። ዓመቱን ሙሉ በዚች ረድፍ ሁለት ጫፍ ሲመላለሱ ከርመዋል፤ አንዱ የጀመረበት ሌላው የሚጨርስበት ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሰው ጮኾ ቢጣራ የሚሰማበት ያህል ነው። ሻሿን አስተካከለች።

ሀይደር ጫማውን አወለቀ። ወደዚያኛው ጥግ አልሄደም።

«ዛሬ ካንቺ ጥግ እንጀምር» አላት።

መዳፋቸውን ዘረጉ።